አላውቅም ያለው በያጅ

ሰኞ

ሰባኪው ተይዞ ተመለሰ።

ጠዋት ጃንጥላዬን እንኳ ሳላራግፍ አለቃዬ አስጠራኝ። ቁጭ በይ አላለኝም። «ያ ያንቺ ሰውዬ» ብሎ ጀመረ። ያንቺ! ሲፈታ የኮሚቴው ነበር፣ ሲያጠፋ የኔ ሆነ። የአንዲት አሮጊት ቤት መስኮት ገንጥሎ ገባ፤ ሴትዮዋ ስትጮህ እጇን ጠምዝዞ ሰበራት። በማረሚያ ቤቱ የሥጋት መርማሪነቴ ለአመክሮ ኮሚቴው «ዳግም ወንጀል የመፈጸም ሥጋቱ ዝቅተኛ ነው» ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ። ፍርዱን ሳይጨርስ የወጣውም በዚያ ነው።

ሰባኪው የሚለውን ስም ያወጡለት እስረኞቹ ናቸው። በአስተሳሰብ ለውጥ ሥልጠናው ላይ ከአሠልጣኙ ይልቅ የሚሰማው እሱ ነበር። «ለድርጊቴ ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ» ሲል ድምፁን ዝቅ የሚያደርግበት ቦታ ነበረው። እኔም ወደድኩት፣ ምን ይደረግ። ቀኑን ሙሉ «እኔ ምን አጠፋሁ» ሲሉኝ ውዬ እንደሱ ያለ ሲመጣ ነፍሴ አረፍ ትል ነበር። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ቢሆንም መመሪያው ያለውን ነው ያደረግሁት። ጥያቄዎቹን ጠየቅሁ፣ ነጥቡን ደመርኩ፣ ዝቅተኛ መጣ። ማንም በኔ ቦታ ቢሆን ይህንኑ ነበር የሚጽፈው።

ማክሰኞ፣ በምሳ ሰዓት

የተሰበረው ቀኝ እጇ ነው አሉ። ብቻዋን ነው የምትኖረው። ማን ያለብሳታል? ልጅ ይኖራት ይሆን? ሄዶ መጠየቅ ይቻል እንደሆነ አለቃዬን ላነጋግር ብዬ ተውኩት። ሥራ በዝቷል። ምሳ አልበላሁም።

ረቡዕ

አዲስ ሰው ጀመርኩ። በያጅ ነው። ሸሪኩን በብረት መትቶ አንድ ዓይኑን አጥፍቶበታል። የአመክሮ ጊዜው ደርሷል፤ ኮሚቴው ዝናቡ ከማባራቱ በፊት ይሰበሰባል፤ ይሄ ካለፈው የሚቀጥለው በዓመቱ ነው።

የመጠየቂያው ክፍል ከልብስ ማጠቢያው ጋር ግድግዳ ስለሚጋራ በረኪና በረኪና ይላል። ጠረጴዛው ከወለሉ ጋር ታስሯል። ሰውዬው ገብቶ መጀመሪያ ያየው እኔን ሳይሆን የጠረጴዛውን እግር ነው። ጎንበስ ብሎ አየና «ይሄን የበየደው ሰው ቸኩሏል» አለ። ከዚያ ተቀመጠ። ግራ ቅንድቡ ተቃጥሎ ግማሹ አልበቀለም።

አሠራሬ የታወቀ ነው። አንድ ሰው ወንጀሉን ሦስት ጊዜ ይነግረኛል፣ በተለያየ ሳምንት፣ ከሀ እስከ ፐ። ከዚያ ሦስቱን ጎን ለጎን አድርጌ አነባለሁ። ቃል በቃል አንድ ከሆነ አጥንቶታል፤ ከተለያየ ዋሽቷል። አንድ ጊዜ ይህን ለባለቤቴ ስነግረው ሳቀ።

«ታዲያ በየት በኩል ነው የሚታለፈው?» አለኝ።

የሒሳብ መምህር ነው፤ ሁሉ ነገር መልስ ያለው ይመስለዋል። መሃል ላይ ያለ ነገር አለ፣ ልምድ ነው አልኩት።

በያጁን «ከመጀመሪያው ጀምር» አልኩት።

«መጀመሪያው የቱ ነው?» አለኝ። የሚያሾፍ መስሎኝ ቀና ብዬ አየሁት። እያሾፈ አልነበረም።

የነገረኝ አጭር ነው። ሥራ ላይ ተጣሉ፣ ተሰዳደቡ፣ ተያያዙ፣ ብረት እጁ ላይ ነበር፣ መታው። «በቃ?» አልኩት። «በቃ» አለኝ። ከዚያ የመመሪያውን የመጨረሻ ጥያቄ ጠየቅሁት፦ ያው ሁኔታ ቢደገም ምን ታደርጋለህ?

«አላውቅም።»

«ተረጋግተህ አስብና መልስ።»

«አስቤ ነው ዶክተር።» (ዶክተር አይደለሁም፤ ማረም ከተውኩ ቆየሁ።) «ያን ቀንም ጠዋት ከቤት ስወጣ ሰው እመታለሁ ብዬ አልወጣሁም። እንግዲህ ቢደገም ምን አውቃለሁ? ብቻ ባላየው ነው የሚሻለኝ። ስለዚህ ወደዚያ ሰፈር አልመለስም። እህቴ ያለችው ሌላ ከተማ ነው፤ እዚያ ነው የምገባው።»

በመመሪያው «አላውቅም» የሚል መልስ ከፍተኛውን የሥጋት ነጥብ ያስይዛል። አስያዝኩት። የሱ ወደዚያ ሰፈር አልመለስም ማለት ግን ቅጹ ላይ የሚገባበት ሣጥን አጣሁለት። ጥግ ላይ በእርሳስ ጻፍኩት።

ዓርብ

ዝናብ። በሩ ላይ ጥላ ስር ቆሜ ሲያባራ ስጠብቅ ዋርድያዎቹ እዚያ ጎን እንዳለሁ አላዩም። ሽማግሌው ዋርድያ ለሌላኛው «ዶክተሯ ከዚያ ወዲህ መልአክ ወርዶ ብትመረምር 'ከፍተኛ' ነው የምትሰጠው» ሲለው ሰማሁ። ሁለቱም ሳቁ። በእርግጥ ከሰባኪው ወዲህ የመረመርኳቸው ሁሉ ከፍተኛ ናቸው። የዘንድሮዎቹ ከባዶች ሆነው ነው።

ሳያባራ ወጣሁ። ጫማዬ እስካሁን አልደረቀም።

ቅዳሜ

ልጄ ትናንት አምሽታ መጣች። ገና ከደጅ ሳትገባ ጠየቅኋት። የት ነበርሽ፣ ከማን ጋር፣ እስቲ ከመጀመሪያው ንገሪኝ። እውነቱን ነገረችኝ፦ አንድ የክፍሏ ልጅ ቤት ተሰብስበው ፊልም ሲያዩ ነበር፤ የልጁ ወላጆች አልነበሩም። ክረምቱን ሙሉ ከቤት ንቅንቅ እንዳትይ አልኳት።

«ጓደኛዬ ጋ ሳጠና ነበር ብልሽ ኖሮ ይሄኔ እራት አሙቀሽልኝ ነበር» አለችኝ።

«እየመለስሽልኝ ነው?»

«እማ፣ እኔ እስረኛሽ አይደለሁም።»

ባለቤቴ ከጓዳ ሳል ሳል አለው። ሳል እንዳልያዘው አውቃለሁ። ይህች ልጅ አፏ ረዝሟል፤ እሱ ነው ያበላሻት።

ዛሬ ሦስታችንም አልተነጋገርንም። ባለቤቴ የተማሪ ወረቀት ያርማል፣ እሷ ክፍሏ ናት። እኔ ይሄን እጽፋለሁ።

ሰኞ

በሩ ላይ አንዲት ሴት ያዘችኝ። ጥላ የላትም፣ ነጠላዋ ረጥቦ ትከሻዋ ላይ ተለጥፏል። የበያጁ ታላቅ እህት ናት። ከሌላ ከተማ በሌሊት አውቶቡስ ነው የመጣችው።

«የኔ እናት፣ ወንድሜን የሚመረምሩት እርስዎ ነዎት አሉኝ።»

ከቤተሰብ ጋር መነጋገር አይፈቀድልኝም አልኳት።

«አይናገሩ፤ እኔ ልናገር፣ እርስዎ ዝም ብለው ይስሙኝ።»

ይሄን የሚከለክል ሕግ የለም መሰለኝ። ቆምኩ። አባታቸው መርሳት ይዞታል። እሷን «አንቺ ሴትዮ» ነው የሚላት፤ ቁርሱን ይበላና ቁርስ ከለከለችኝ ብሎ ለጎረቤት ይከሳታል። ይህን ስትነግረኝ ሳቀች፣ እኔም ሳቅሁ። የልጁን ድምፅ ግን በስልክ ሲሰማ ይለያል። በስሙ ይጠራዋል፣ መቼ ነው የምትመጣው ይለዋል።

«ዘንድሮ ከወጣ ያውቀዋል» አለችኝ። «በዓመቱ የሚያውቀው ይመስልዎታል?»

እኔ የመርሳት ሐኪም አይደለሁም አልኳት። እንዴት ያለ መልስ ነው! እሷ ግን «አይ፣ ልክ ነዎት» ብላ እጄን በሁለት እጇ ያዘችኝ። እጇ እንደ በረዶ ነበር።

ረቡዕ

ሁለተኛው ንግግር። ከመጀመሪያው ብዙ አይለይም፤ ትንሽ ረዘም አለ። ሸሪኩ ምን ብሎ እንደሰደበው ጨመረ። ስድቡን ሲነግረኝ ጆሮው ቀላ። አሁንም ያናድድሃል ወይ አልኩት፤ አዎ አለኝ። አሁንም ነጥብ። ይሄ ሰውዬ «አያናድደኝም» በል ብትለው እንኳ አይሆንለትም።

ሥልጠናውን ለምን አቋረጥክ አልኩት። አልጋው ላይ ተንጋልሎ ያንን ዓረፍተ ነገር ለማጥናት ሞክሮ ነበር። «ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ» የሚለው ጋ ሲደርስ ሳቁ እየመጣ አስቸገረው። «ኃላፊነት ዕቃ ነው እንዴ፣ የሚወሰደው?» አለኝ።

ስወጣ ኮሪደሩ ላይ ሰባኪውን አገኘሁት። በካቴና ነው፣ ዋርድያው ይዞታል። እንደ ድሮ ወዳጅ ፊቱ በራ።

«እህቴ! አዩ፣ ወደቅሁ። ለውድቀቴም ሙሉ ኃላፊነት እወስዳለሁ። የዚያች እናት ሥቃይ እንቅልፍ ነሥቶኛል።»

ዋርድያው ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ፤ ትከሻው ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ አልሳቅሁም። ለአንድ አፍታ አምኜው ነበር። ይህን ያህል ነገር አድርጎ፣ ካቴና ታስሮ፣ ድምፁን ያቺ ቦታ ላይ ዝቅ ሲያደርጋት አመንኩት። ፈራሁ፤ እሱን ሳይሆን የራሴን ጆሮ።

ሐሙስ፣ በችኮላ

ኮሚቴው ቀን ቆረጠ። አለቃዬ «ዘንድሮ በእያንዳንዱ ገጽ ላይ እፈርማለሁ» አለ። ድሮ የት ነበር? የሴትዮዋ እጅ ብረት ገባበት አሉ። መጠየቅ አለብኝ። እሑድ።

እሑድ

አልሄድኩም። ምን ብዬ እገባለሁ? ማን ነሽ ብትለኝስ?

ረቡዕ፣ ማታ

ሁሉም ተኝተዋል፤ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ዛሬ የሆነውን በደንብ ልጻፈው።

ሦስተኛው ንግግር ነበር። በያጁ እንደ ልማዱ ጀመረ፣ ጥሉ፣ ስድቡ፣ መያያዙ። ከዚያ አቋረጠ። እጆቹን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋ።

«አንድ ነገር ልጨምር» አለ። «ስንያያዝ አይደለም የመታሁት። ተላቅቀን ነበር። እሱ ጨርሷል፤ ጃኬቱን ከመሬት ሊያነሳ ጎንበስ ብሏል። ቀና ሲል ነው ያገኘሁት።»

«ሁለት ጊዜ ስትነግረኝ ይሄ አልነበረም።»

«አልነበረም።»

«ፍርድ ቤትም አልተናገርክም።»

«ፍርድ ቤትማ ተያይዘን ነበር ነው ያልኩት። እኔም እንደዚያ ነበር የሚመስለኝ። እርስዎ ጋ እየመጣሁ ስደጋግመው ስደጋግመው ጃኬቱ ትዝ አለኝ። ቡናማ ነበር። እየተጣላን ጃኬት አይነሳማ። ይሄኔ ነው የገባኝ።»

«ይህን ስትነግረኝ እንደሚጎዳህ ታውቃለህ?»

ትከሻውን ሰበቀ። «እውነቱን ተናግሮ የመሸበት ማደር ነው።»

በዚህ ሥራ ሳረጅ ታሪካቸውን የለወጡ ስንት ሰዎች አይቻለሁ። ሁሉም የለወጡት ወደ ራሳቸው ነው፤ ብረቱ ትንሽ ይሆናል፣ ሰካራሙ ሌላው ይሆናል፣ መጀመሪያ የተሰደበው እሱ ይሆናል። በራሱ ላይ የለወጠ ሰው ግን አላየሁም። መመሪያው ደግሞ ወደየትም ይለወጥ አይጠይቅም፤ «ቃሉ ይለዋወጣል ወይስ አይለዋወጥም» ብቻ ነው የሚለው። ይለዋወጣል። ነጥብ። አላውቅም ብሏል። ነጥብ። አሁንም እናደዳለሁ ብሏል። ነጥብ። ሥልጠና አቋርጧል። ነጥብ። ድምሩ ጣሪያ ነክቷል።

እኔ ግን እንደዛሬ ያለ ቀን አጋጥሞኝ አያውቅም። ይህ ሰው በራሱ ላይ መስክሮ ወጣ፤ ማንም ሳያስገድደው። ከድምሩ ሥር ማብራሪያ ጽፌ «ዝቅተኛ» እላለሁ። ይፈቀድልኛል፤ በቂ ምክንያት ካለ መርማሪው ድምሩን ሊሽረው ይችላል ይላል መመሪያው። ነገ ጠዋት እጽፋለሁ።

ሐሙስ

አለቃዬ ረቂቁን አነበበ። መነጽሩን አወለቀ።

«ቃሉ ተለዋውጧል ትያለሽ። ቢደገም ምን እንደማደርግ አላውቅም ብሏል ትያለሽ። ከዚያ ዝቅተኛ?»

«የለወጠው እኮ በራሱ ላይ ነው ጌታዬ።»

«እሱን ለጋዜጠኛ ንገሪው፣ ሌላ ዓይን ሲጠፋ።»

 ድምፁን አለሰለሰ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ጡረታው ቀርቧል።

«እኔ አላዝሽም። የጻፍሽውን እፈርማለሁ። አንድ ነገር ብቻ አስቢ፤ ውስጥ ስለቀረ ሰው እስከዛሬ ማን መጥቶ ጠየቀን?»

ረቂቁን ይዤ ወጣሁ።

ዓርብ

ባለቤቴ ሁሉን ሰማኝ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» አለኝ። ተረትና ምሳሌ ለመደርደር እሱን የሚያህል የለም፤ የሚፈርመው እሱ አይደለም።

«ግን አንቺ ምን ታምኛለሽ?» አለኝ።

የማምነው ምን ይረባል? ሰባኪውንም አምኜ ነበር።

ሰኞ

«ከፍተኛ» ብዬ አስገባሁ።

ድምሩ ነው ያለው፣ እኔ አይደለሁም። ደግሞም የሚወስነው ኮሚቴው ነው፤ የኔ አስተያየት ብቻ ነው። አንድ ዓመት ለለመደው ሰው ረጅም አይደለም። ሥራ አለው እዚያ ውስጥ፣ ብየዳ ክፍል ነው፣ ይበላል፣ ይተኛል። አለቃዬም ባይናገረኝ ኖሮ ሌላ ነገር እጽፍ ነበር። ሌሎቹ መርማሪዎችም ዘንድሮ እንዲሁ ነው የሚያደርጉት፤ ጠይቄያለሁ።

ራሴን አሞኛል።

ረቡዕ

ኮሚቴው ውድቅ አደረገው። ስሙ ላይ ብዙም አልቆዩም አሉ።

ማታ ልጄ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። ከቤት መውጣት መቼ ነው የሚፈቀድልኝ አለች። ነገ ውጪ አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። «የት እንደምሄድ አትጠይቂኝም?» አለች። አልጠየቅኋትም፤ ደክሞኛል።

ሐሙስ

ውሳኔውን መንገር የመርማሪው ሥራ ነው። ይህን ሕግ ያወጣው ማን እንደሆነ ባውቅ!

በያጁ ገብቶ ተቀመጠ። ፊቴን አየና ሳልናገር «ቀረ አይደል?» አለ። ቀረ አልኩት። በማጠቢያው በኩል ውሃ ሲፈስ ይሰማል። ይቆጣል ብዬ ነበር፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። እጆቹን ጉልበቱ ላይ አደረገ።

«የጃኬቱ ነገር ነው?» አለኝ ቆይቶ።

«እሱም አለበት።»

«አላውቅም ማለቴስ?»

«እሱም።»

ራሱን ነቀነቀ፣ የዕቃ ጉድለት እንደተነገረው ሰው። «እህቴ ትናንት ደወለች። አባቴን ሰጠችኝ። ማነህ አለኝ። ስሜን ነገርኩት። እሱ ልጄ ነው፣ አንተን አላውቅህም አለኝ። ትንሽ ቆይቶ ግን ሳልኩ፤ በሳሌ ለየኝ።»

 አዝናለሁ አልኩት፣ ከልቤ ነው፤ ምንም አይጠቅመውም። ልነሣ ስል ክርኑን ጠረጴዛው ላይ ደግፎ ጠጋ አለ።

«ዶክተር፣ አይቀየሙኝና አንድ ነገር ልጠይቅዎት። በዓመቱ ስመጣ ምን ልበል? እርስዎ ያውቁታል። ይንገሩኝ፣ እይዘዋለሁ። ሳቄንም እውጣለሁ።»

እያሽሟጠጠ ነው ብዬ ዓይኑን አየሁት። አላሽሟጠጠም። ሰው መንገድ ሲጠይቅ እንደሚያይ ነው ያየኝ።

በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። ተነሥቼ ዘጋሁት።

ስለ ጃኬቱ ዳግመኛ ለማንም አትናገር አልኩት። ፍርድ ቤት የተናገርከውን ብቻ፣ ግን ቃል በቃል አይሁን፤ አንዳንድ ቦታ ቆም እያልክ። አሁንም ያናድድሃል ሲሉህ ትንፋሽ ወስደህ «ንዴቴን የምቆጣጠርበትን መንገድ ተምሬአለሁ» በል። ቢደገምስ ሲሉህ አላውቅም አትበል። ሥልጠናውን ግባና ጨርስ። ከዚያ ያንን ዓረፍተ ነገር ነገርኩት።

«ለድርጊቴ...» ብሎ ተደናቀፈ። እንደገና አስባልኩት። ድምፅህን እዚህ ጋ ዝቅ አድርጋት አልኩት። ግድግዳውን እያየ አለው፤ አሁንም አለው፤ ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ ዓይን ዓይኔን እያየ፣ ከሰባኪው ባልተናነሰ፣ አንድም ሳያደናቅፈው አለው።

«ጎበዝ» አልኩት።